ሁለት ደም ሰጪ ይዘሽ ነይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 3፡30

ኪዮስክ። ጥቁር ቀሚስ፣ ከሥሩ ሌላ ጥቁር። ወንበሩ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ላይ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ እኔ። ዛሬም ይፈሳል። ዶ/ር በየቀኑ ስንት ሞዴስ እንደምቀይር ጻፊ ብላኝ ነው አንተን የገዛሁህ። ሥራህ ሞዴስ መቁጠር ብቻ ነበር። የሚሰማኝ ሰው ጠፋና አንተ ላይ ወደቅኩ። እንግዲህ ቻለው፣ ደብተር።

ሥራዬን ታውቃለህ። ማረሚያ ቤት ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልክ ይዞ አይገባም። በሩ ላይ ኪዮስክ አለኝ፣ እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ሲወጣ ይወስዳል። እያለቀሰ የገባው ሁሉ ሲወጣ ስልኩን ሲያይ ፊቱ ይበራል። አሥር ዓመት ይህን አይቼ ነው ሰውን የናቅሁት።

ከድር ፊቴን አይቶ ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ አለኝ። ከድር በሥራም በሰፈርም ጎረቤቴ ነው፤ ፌስታልና የምግብ ዕቃ ይሸጣል፤ ስልጤ ነው፤ አፉ ዝም አይልም። ትናንት ተልባ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጉበት፣ ያውም ጥሬውን። ሚስቱ አራት ስለወለደች እሱ የማህፀን ሐኪም ሆኗል። ለሚስቱ አዘንኩ።

የደም ማነስ ክኒኔን ዋጥኩ። በትኩስ ሻይ፣ ሁሌም እንደማደርገው። ወራት ሆነኝ፣ ለውጥ የለም። ክኒኑም እንደ ሰዎቹ ነው መሰለኝ፣ ወሬ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት

ሆስፒታል ዋልኩ። የሴቶች ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር። ከጎኔ ያለችውን ምን ሆነሽ ነው ብላት ጨጓራ። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ሰው ልትሸኝ መጥታ ነው። ሦስተኛዋም ጨጓራ። በሩ ላይ በትልቁ የማህፀንና ፅንስ ክፍል ይላል፣ እኛ ሁላችን የጨጓራ በሽተኞች! እኔ ጮክ ብዬ ደም እየፈሰሰኝ ነው አልኩ። ሁሉም ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ፣ የሰደብኳቸው ይመስል። ውሸታም ሁላ።

ዶ/ር ልጅ እግር ናት። ጥርሷ ላይ ሽቦ አለ። መጀመሪያ ሳያት ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች ብዬ ነበር። ታውቃለች። ክኒኑን በምን ነው የምትውጪው አለች፣ በሻይ አልኳት፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሻይ መድኃኒቱን ሰውነቴ እንዳይወስደው ያግደዋል አለች። በውሃ፣ ቢቻል በብርቱካን ጭማቂ፣ ሻይ ከሰዓታት በኋላ። ወራት ሙሉ መድኃኒት ስከሰክስ የከረምኩት ለሻዩ ነው! ይህን የሚነግር አንድ ፋርማሲስት ጠፋ። ሒሳቡን ሲቀበል ግን እጁ ፈጣን ነው።

ከዚያ እንደ አዲስ አስረዳችኝ። ማህፀኔ ውስጥ ዕጢ አለ፣ እነሱ ማዮማ ይሉታል፣ ካንሰር አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን ባለፈው ቆንጥረው የወሰዱት ናሙና ንጹሕ ነው አለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ እሷም አሜን አለች። ደም የሚቀንሰውን ክኒን ሞክሬዋለሁ፣ ለጊዜው ቀነሰ፣ ተመለሰ። ሆርሞን ያለውን ሉፕ ሞክሬዋለሁ፤ ለብዙ ሴት ተአምር ነው ትላለች፣ የኔ ግን ዕጢው ቦታ ስለነሳው ወጥቶ ወደቀ፣ ያውም ኪዮስኩ ኋላ ሽንት ቤት ውስጥ። የቀረው ቢላ ነው። ወይ ዕጢውን ብቻ ለቅሞ ማውጣት፤ ማህፀኑ ይቀራል፣ ዕጢው ግን ሊመለስ ይችላል፣ የኔ ደግሞ ብዙ ነው። ወይ ማህፀኑን ማውጣት፤ ደሙ ያበቃል፣ ልጅም ያበቃል። የእንቁላል ማምረቻው ይቀራል፣ በአንድ ቀን አላረጅም።

አስቢበት፣ ምርጫው የአንቺ ነው አለችኝ። እኔን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሉባባ። እስካሁን ስለ እሷ ሳልጽፍልህ መቆየቴ ራሱ ትዕግሥት ነው። የባሌ የሰይድ ታላቅ እህት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ፣ ኋላ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ሳሪስ ሺቲና ሻርፕ ትሸጣለች። ፊት ለፊት እትዬ እላታለሁ። እዚህ ሉባባ ናት።

ሉፑ ነው ደሙን ያሳበደብሽ አለች። ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል፣ ወደ አንጎል ይወጣል። የኔ ወደ ታች ነው የወጣው እትዬ አልኳት። አልሳቀችም። ማህፀን የወጣላት ሴት ባዶ ቤት ናት አለች። ወንድሜ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ይዞ ሊቀር ነው ወይ? አንዲቷ ሴት ልጅ የኔዋ ሀያት ናት፣ ጅማ ምሕንድስና የምትማረው። እሷ ለሉባባ ግማሽ ሰው ናት። ደግሞ ጨመረችልኝ፦ ሴት አይደለሽ እንዴ፣ ቻይው። እርር አልኩ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም። ደሙ ከጀመረኝ ወዲህ ሶላት ትቼ ነበር፣ የወር አበባ ነው ብዬ። ዛሬ ስታየኝ ተቆጣች። የወሩ ቀን ካለፈ የበሽታ ደም ነው፤ ታጠቢ፣ ሞዴስሽን ጠብቀሽ እሰሪ፣ ለየሶላቱ አዲስ ውዱእ አድርጊና ስገጂ አለችኝ። ኡስታዙን በስልክ ብጠይቅ ቃል በቃል ያንኑ አለኝ። ሌላ ሌላውን አንድ ነገር አታውቅም፣ ይህን ግን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። የአስርን ሶላት ሰገድኩ። አለቀስኩ፣ ናፍቆኝ ነበር። ለእሷ ግን አመሰግናለሁ አላልኳትም፣ አትጠብቅ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሰይድ ገባ። ተሳቢውን ጉምሩክ አሰልፎ፣ የጅቡቲን አቧራ ሶፋው ላይ አራግፎ እስከ እኩለ ቀን ተኛ። ሲነሳ አበላሁት፣ ነገርኩት። ሁሉንም፣ ዶ/ር እንዳስረዳችኝ አድርጌ።

አንድ ወንድ ልጅ ብቻ እኮ ነው የምፈልገው አለኝ። በአባቱ ስም የሚጠራው። አላህ ካለ ምን ይሳነዋል። በአርባ አራት ዓመቴ፣ ደም እየፈሰሰኝ፣ ወንድ ልጅ! ባቲ አካባቢ ሥር የሚቀምሙ ሰውዬ አሉ፣ የጓደኛው ሚስት እዚያ ሄዳ ወለደች። ከዚያ ደግሞ ሚሌ ላይ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ቤት የሠራ ሹፌር ጓደኛውን ወሬ አመጣ። አንዴ አይደለም። ሾርባው ላይ አነሳው፣ ሻዩ ላይ አነሳው። ልጁ ወንድ ነው፣ ደስ ይላል አለ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ እኔን ሳያየኝ።

በሃያ ሁለት ጎማ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ሚስቱን ፊት ለፊት ማስፈራራት ፈርቶ በጓደኛው በኩል ያስፈራራል። ሂድ፣ አንተም ሚሌ ላይ ቤትህን ሥራ አልኩት በሆዴ። በአፌ ሻይ ልጨምር ወይ አልኩ። እኔም ጉድ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

በአልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደሉን ይቅር በለኝ።

ጠዋት ጠያቂ በዝቶ ነበር። ዓይኔ ላይ ጭጋግ መጣ። ለአንድ ሽማግሌ የአንዲት ወጣት ስልክ ሰጠሁ፣ ጽጌረዳ ያለበት ሮዝ ሽፋን። ለልጅቷ የሽማግሌውን፣ በጎማ የታሰረች። እሳቸው ስልኬ ተሰረቀ ብለው መንገድ ላይ ጮኹ፣ እሷ ከኋላቸው ሮጠች፣ ጥበቃ መጣ። እኔ ልነሳ ስል ምድር ከድታኝ ሄደች። ቀሚሱ ጥቁር ቢሆንም ወንበሩ ነጭ ነው። ሁሉም አየ። አንዷ ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን አነሳች፣ እኔ ራሴ ያስቀመጥኩላትን ስልክ!

ከድር ነው በባጃጅ ያደረሰኝ። መንገድ ሙሉ ቀይ ሥር ብለሽ ብትሰሚኝ ይል ነበር። ጉልበት ቢኖረኝ አንቀው ነበር።

ዶ/ር ደሜን አየች። አሥራ ሁለት መሆን የሚገባው ሰባት ገብቷል። ከእንግዲህ ማሰብ የለም አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆጣ አየኋት። ማህፀኑ ይውጣ አልኩ። ራሴ ሰማሁት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ነርሷ ባለቤትሽስ ይፈርማል ወይ አለች። ዶ/ር የእሷ ፊርማ ይበቃል አለቻት። ፈረምኩ።

ቀዶ ሕክምናው የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ። እስከዚያ ቤቴ ሆኜ መድኃኒት፣ በውሃ። ግን ሁለት ደም ሰጪ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ከደም ባንክ ለእኔ የሚወጣውን ደም የሚተኩ። ያለዚያ ቀኑ ይገፋል። ቀኑ ከተገፋ ደግሞ እኔ እስከዚያ ምን ሆኜ እንደምቆይ ለአንተ አልነግርህም፣ አንተ ቁጥሩ አለህ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሁለት ሰው! እዚህ ቤት ስለ ማህፀኔ አስተያየት ያልሰጠ የለም። የእድሩ ሴቶች፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ የሰይድ ጓደኞች። ባቲ ሂጂ፣ ዛምዛም ጠጪ፣ ነጭ ሽንኩርት ዋጪ። አሁን ምክራችሁን ተዉት፣ ክንዳችሁን ስጡኝ ስል ግቢው ጭር አለ።

ትልቁ የአጎቴ ልጅ ግፊት አለበት። ትንሹ ደም የሰጠ ሰው ወንድነቱ ይቀንሳል ሲባል ሰምቷል። የእድሯ ሰብሳቢ ዛሬ ጠዋት ድንገት ስኳር በሽተኛ ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ሠርግ ላይ ሦስት ለስላሳ ስትጠጣ አይቻታለሁ። ዱዓ እናደርጋለን አሉ ሁሉም። አድርጉ። ዱዓችሁ ወደ ላብራቶሪ ገብቶ ደም ዓይነቱ አይመረመርም እንጂ።

ሰይድ? መርፌ ሲያይ ይደክመዋል። እውነቱን ነው ደግሞ፣ ሀያት ስትከተብ ከልጅቷ በፊት የወደቀው እሱ ነበር። ሰኞ ጭነት አለ፣ ይቆይልኝ ልበል ወይ አለ። በል። አላለም። መኪናውን አጠበ።

ሉባባ ብቻ ምንም አላለችም። ቻይው እንኳ አላለችም። ሺቲዋን አጥፋ ዘረጋች፣ አጥፋ ዘረጋች። ምላሷን ማን ሰወረው?

ከድር እሄዳለሁ አለ። ማንም ሳይጠይቀው። ደሜ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ሥር ነው ምሥጢሩ አለ። ያ አላህ፣ ከሰው ሁሉ እሱን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ማታ 12 ሰዓት

ከየት ልጀምርልህ።

ደም መስጫው ክፍል። ከድርና እኔ። ነርሷ ጣቱን ወጋች፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለች። ጠብታዋ ቀጥ ብላ ወደ ታች ሰጠመች። ደምህ በቂ ነው አለችው። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ አየሽ አለኝ፣ ጠብታዋን እሱ የወለዳት ይመስል። ሰጠ። ብስኩቱን ከነፍርፋሪው በላ። ክንዱን ሳያጥፍ እስከ ባጃጁ ድረስ ባንዲራ እንደያዘ ሰው ሄደ። አመሰገንኩት፣ ከልቤ። ሁለት ወር እንደሚያወራው እያወቅሁ።

ሁለተኛ ሰው የለም። ልወጣ ስነሳ በሩ ላይ ሉባባ።

ከሳሪስ በታክሲ መጥታለች። የሺቲው ጥቅል ብብቷ ሥር ነው። ልታስተወኝ፣ ፊርማዬን ልታስቀድድ መስሎኝ ጡንቻዬን አዘጋጀሁ። አጠገቤ አልመጣችም። ቀጥታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋች። ውሰዱ አለች።



ነርሷ ጣቷን ወጋች። ጠብታውን ጣለች። ጠብታው አልሰጠመም። ሰማያዊው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ነርሷ ጠበቀች። ሌላ ጣት ወጋች፣ ሌላ ብርጭቆ። ያም ተንሳፈፈ። ቆንጆ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እማማ እርስዎ ራስዎ ደም ያስፈልግዎታል አለቻት። ይደማዎታል ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ?

ጨጓራ ነው አለች ሉባባ።

ያኔ አወቅሁ። ከንፈሯን አየሁት፣ ነጭ ነው። ስንት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር፣ ምላሷን እንጂ ከንፈሯን አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ክፍሏ ሄጄ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። መጀመሪያ ካደች። ከዚያ ሰደበችኝ። እኔም ሰደብኳት፣ እትዬውን ትቼ። ከዚያ ተቀመጠች።

ባሏ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ ነው። ወር ሙሉ ይፈሳል፣ ጥቂት ቀን ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ጨርቅ ነው የምትጠቀመው፣ ሞዴስ ስትገዛ ከድር ያየኛል ብላ። ጎህ ሳይቀድ ታጥበዋለች፣ ከሺቲዎቹ ኋላ ታሰጣዋለች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ያንን ዕድሜ ነው ትለዋለች። ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ሄዳ ሉፕ ይታሰብ ሲሏት ተነስታ ወጣች። ባል የሌላት ሴት ሉፕ አስገባች ቢባልስ? የሰፈሩ ሰው ምን ይለኛል? አለቀ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ የሰፈሩ ሰው። ደም ሲጠየቅ በየቤቱ የተደበቀው ሰው!

አንቺ ጅል አልኳት። አንቺ ደንቆሮ፣ አንቺ ነፈዝ። ልትሞቺ ነበር እኮ፣ ያውም እኔን ቻይው እያልሽ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሳወጣው ደግሞ እንባ ሆኖ ወጣ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው? እሷም አለቀሰች። ለምን ልትሰጪኝ መጣሽ ታዲያ አልኳት። ስትወድቂ ወንበርሽ ላይ የነበረውን ደም ከድር ነግሮኛል፣ ፈራሁ አለች። ሌላ የምሰጥሽ ነገር አልነበረኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሰይድ ተመለሰ። እራት አላቀረብኩም። እህትህ ደም ልትሰጠኝ ሄዳ ለራሷ ደም እንደሌላት ታወቀ አልኩት። ስንት ዓመት እንደፈሰሳት ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ። ለምን አልነገረችኝም አለ። ማንን? የአንድ ወንድ ልጅ ፈላጊውን? ደሙን ሰምተህ ምን ትላት ነበር፣ ባቲ ሂጂ?

ነገ ደም ልሰጥ እሄዳለሁ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሄደ። ጠብታው ሰጠመ። ክንዱን ሲያስሩት ዓይኑን ጨፈነ፣ መርፌው ሲገባ ቢስሚላህ እያለ እግሩን አወራጨ፣ ቦርሳው ሲሞላ ራሱን ስቶ አረፈው። እንደታረደ በግ። ሁለት ነርሶች ውሃ ረጩበት። ሲነቃ አልቋል ወይ አለ። ከበስተኋላ ቆሜ ሳቅሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ግን ሰጠ። ሚሌን አላነሳም፣ ወንድ ልጅም አላነሳም። ቢያነሳም ፊርማዬ ፊርማ ነው።

በዚያው ለሉባባ ካርድ አወጣሁ። እምቢ ስትል በነጠላዋ ጎትቻት ገባሁ። አግዳሚው ላይ ከጎኗ ያለችው ሴት ምን ሆነው ነው ስትላት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ደም ነው አለች። በሹክሹክታ፣ ግን አለችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ከሰዓት 10፡00

ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል። ሀያት ከጅማ እየመጣች ነው። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት እገባለሁ። እፈራለሁ። ለሌላ ሰው አልልም፣ ለአንተ እላለሁ፤ እፈራለሁ።

ሉባባ ውጤቷን ይዛ መጣች። የእሷ ዕጢ ትንሽ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ለሉፕ ቦታ አይነሳም። ናሙናዋም ንጹሕ። ዶ/ር ክኒን አዘዘችላት፣ ደሟ ትንሽ ከፍ ሲል ሉፕ እንሞክራለን አለቻት። ሉፕ! ወደ አንጎል የሚወጣው! አንቺ ጋ አንጎል ፈልጎ ያጣል አልኳት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ የቦርሳዬን ዚፕ ከፈተች ዘጋች። ምን ሆነሽ አልኳት። ሉፑ እንደ አንቺው ቢወድቅስ አለች። እኔንም ቢቀድዱኝስ? ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። ማን ደም ይሰጠኛል?

አፌ ቀደመኝ። እኔ አልኳት።

አየችኝ። ከንፈሬን አየችው፣ ከእሷ የባሰ ነጭ ነው። ነገ የሰው ደም ተበድሬ የምቀደድ ሴት! ሁለታችንም አልጋው ላይ ተንከባለልን፣ ሆዳችንን ይዘን፣ ሰይድ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ። ሳቁ ሲያልቅ ቃሌን አላነሳሁም። እሷም አንሺ አላለችኝ።

ስለዚህ ጻፈው። ነገ ማህፀኔ ይወጣል። ከዚያ ክኒኔን እውጣለሁ፣ በውሃ፣ ጉበቱንም እበላለሁ፣ የከድርን ቀይ ሥር ሳይቀር እጠጣለሁ። ጠብታዬ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ የሰጠመች ቀን ክንዴን እዘረጋለሁ። ለማን ብትለኝ፣ ለሉባባ። ለሉባባ፣ ጉድ በል።